ደብተር ውስጥ የቀረው በቆሎ

አንድ የቆየ ማስታወሻ ደብተር አለኝ። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ቀለሙ ፈዟል። ጥር 1994 ዓ.ም. ከሚለው ገጽ ላይ በቁሜ የጫርኳት አንዲት መስመር አለች፦ «በቆሎ ኩንታሉ 20 ብር። ገበሬው ከማሳ ሊያነሳው አልፈለገም።»

ይህች መስመር ጋዜጣ ላይ አልወጣችም። የወጣው ሌላ ነው። «ከፍተኛ የበቆሎ ምርት ተሰበሰበ» የሚል ርእስ፣ ከሥሩም ስምንት አንቀጽ። ከፍተኛ ማለቱ እውነት ነበር። ተሰበሰበ ማለቱ ግን ውሸት ነበር። ውሸቱን ደግሞ ማንም አላዘዘኝም። እኔው በእጄ ጻፍኩት።

የመስክ ጉብኝት ይባላል። ከአዲስ አበባ በሁለት ላንድክሩዘር ተጭነን፣ ቡሬን አለፍ ብለን አንድ ቀበሌ ወረድን። ንግግር ተደረገ። ዳቦ ተቆረሰ፤ ጠላ ተቀዳ። ካሜራ የያዘው ባልደረባችን በቆሎው መሃል ገብቶ ቀረጸ። አገዳው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ለዓይን ያምራል። ደርቆ ቆሟል። በጥር ወር! ጥቅምትና ኅዳር ላይ መነሳት የነበረበት በቆሎ በጥር ማሳው ላይ ቆሞ ምን ይሠራል? ከአስራ አንዳችን አንድ ሰው እንኳ ይህን አልጠየቀም። አብዛኞቻችን የገጠር ልጆች ነን እኮ። እናውቅ ነበር።

ከሰዉ ዘወር ስል አንድ ሽማግሌ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የምትጽፈው አንተ ነህ?»

«አዎ አባባ።»

«እንግዲያው ይህንን ጻፍ።»

አንዱን ራስ ከአገዳው ገነጠሉ። በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ሲያሹት ፍሬው መዳፋቸው ላይ ተንኮታኮተ። ነቀዝ ገብቶበታል። «ገበያ ላይ ኩንታሉን ሃያ ብር ይሉኛል። ጆንያ ገዝቼ፣ አህያ ተከራይቼ፣ የሚፈለፍልልኝን ሰው አብልቼ ምን ይተርፈኛል? የአንዱ ኩንታል ዳፕ ማዳበሪያ ዕዳ በአስር ኩንታል በቆሎ አይወጣም። ዕዳውን ሊያስከፍሉኝ የሚመጡት ደግሞ እኒያው ናቸው።» በአገጫቸው ንግግሩ ወዳለበት ጠቆሙ። በዚያ ሰዓት የሚጨበጨበው ለእርሳቸው ምርት ነበር።

ጻፍኩ። ሃያ ብር አልኩ። ከዚያ ደብተሬን ዘጋሁ፤ ጠላዬን ጠጣሁ፤ መኪና ገባሁ።

ሰው ሲጠይቀኝ ሳንሱሩን፣ አለቃውን፣ ዘመኑን ላማርር እችል ነበር። ብዙዎቻችን እንዲያ እናደርጋለን። እውነቱ ግን አለቃዬ ያቺን መስመር አልሰረዛትም፤ አላያትምና። ያልሰጠሁትን ከየት አምጥቶ ይሰርዛል? ዋጋው ዜና አልመሰለኝም። ምርቱ ዜና ነበር። ሚሊዮን ኩንታል ዜና ነበር። የሃያ ብሩ ነገር የሽማግሌ እሮሮ መሰለኝ።

ቀጥሎ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ሁለት ዓመት ተከታታይ ጥሩ ምርት ገብቶ የበቆሎ ዋጋ ወደ 80 በመቶ ገደማ ተንኮታኮተ። 300,000 ቶን ያህል እህል ማሳ ላይ ቀርቶ እንደበሰበሰ፣ ኋላ የኢትዮጵያ ምርት ገበያን የመሠረቱት ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ተናግረውታል። ዕዳ የበላው ገበሬ በቀጣዩ ክረምት ማዳበሪያውን ቀነሰ፤ የተወውም ብዙ ነው። ምን ያድርግ? በኪሳራ ላይ ኪሳራ ይዝራ? በዚያው ክረምት ዝናቡ ከዳ። ጋዜጣችን ላይ ያ ርእስ ከወጣ ስድስት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ መንግሥት የእርዳታ ያለህ አለ። በ1995 ዓ.ም. እርዳታ ፈላጊው ከ13 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

እኛም «ድርቅ» ብለን ጻፍን። ዝናብ መቅረቱ እውነት ነው። ግን ድርቁ ሐምሌ ላይ ብቻ ነው እንዴ የጀመረው? ጥር ላይ፣ በዚያ ለምለም በነበረው ማሳ መሃል፣ በዚያ ሽማግሌ መዳፍ ላይ አላየነውም? ትርፉ በበሰበሰ በመንፈቁ የውጭ ስንዴ በጆንያ ሲራገፍ ፎቶ ያነሳነው እኛው አይደለንም?

ሊሆን የሚችለው ደግሞ ተአምር አልነበረም። መንግሥት የእህል ንግድ ድርጅት ነበረው፤ ገንዘብ ተጨምሮለት በደህና ዋጋ ይግዛ ማለት ይቻል ነበር። የዳፑ ዕዳ ገበያው እስኪያገግም ይቆይ ማለት ይቻል ነበር። ለጋሾች ከባሕር ማዶ ከሚጭኑ ከቡሬና ከባኮ ገዝተው ወደ ጎደለበት ያድርሱ ማለት ይቻል ነበር። ይህ ሁሉ በዚያ ዘመን ባለሙያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነገር ነው፤ የተደበቀ አልነበረም። የጎደለው ነገሩን ከባለሙያ ጠረጴዛ አንስቶ አገር የሚነጋገርበት ጉዳይ የሚያደርገው ሰው ነው። ያ ሰው ማን ነበር? እኛ ነበርን።

«ጋዜጣ ምን ጉልበት አለው?» የሚለኝ አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው የራሱን አገር ታሪክ አያውቅም። በዚህች አገር የዜና መኖርና አለመኖር በእርሻ ጉዳይ ላይ ምን እንደሚሠራ የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ በሬሳ ነው።

ኅዳር 1958 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ከወረ ኢሉ አውራጃ የረሃብ ወሬ አገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ከሚኒስቴሩ ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ እስኪደርስ ስንት ቀን ፈጀ? 302 ቀን። ሰው ከወረ ኢሉ በእግሩ ቢነሣ አዲስ አበባ ስንቴ ደርሶ ይመለስ ነበር? ወሬው ሲደርስ ንጉሡ አንድ ነገር ይደረግ አሉ። የተደረገውም የወሎ ሹማምንት የሞቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲልኩ ማዘዝ ነበር። የሞተ ሰው ስም ዝርዝር! በእነዚያ 302 ቀናት ጋዜጣ ነበር፤ ሬዲዮም ነበር። የንጉሡን ጉብኝትና የእንግዶችን መምጣት ሲያወሩ ከረሙ።

ሰባት ዓመት አለፈ። ያው ወሎ፣ ያው ረሃብ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በ1965 ዓ.ም. ፎቶ አንሥተው መጥተው አሳዩ፤ ሰሚ አላገኙም። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልሙን ለእንግሊዝ ሕዝብ አሳየ። የዓለም ገንዘብ ፈሰሰ፤ አዲስ አበባም መደበቅ አቃታት። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በዕንቁጣጣሽ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕል ቀላቅሎ በቴሌቪዥን ለቀቀው። በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። በስድስተኛው ወር፣ የካቲት 25 ቀን፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። በእርግጥ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ «መሬት ለአራሹ» ብለው የጮኹ ተማሪዎች አሉ፤ ሠራዊቱም አለ፤ ፊልሙ ብቻውን ዙፋን አልገለበጠም። ግን ዙፋኑ ከመውደቁ በፊት ሕዝቡ የመጨረሻ ያየው ነገር ያ ነው። ደርጉ የሥዕልን ጉልበት አውቆታል። እኛ አላወቅነውም።

ስለ ወሎ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዋናው ነገር የራቀ ቢመስልም አይደለም። አማርትያ ሴን የሚባሉት የኢኮኖሚ ሊቅ በ1966ቱ ረሃብ ላይ ሲመራመሩ ያገኙት ነገር ያስገርማል። ሰው በሚረግፍበት በዚያው ጊዜ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ ከወሎ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚሄድ እህልም ነበር። ለምን? የወሎ ገበሬ ምርቱን ሲያጣ የሚገዛበት ገንዘብም አብሮ ጠፋበት። ገንዘብ የሌለው ሰው ገበያ ላይ ድምፅ የለውም፤ ቢርበውም ዋጋ አያስወድድም። እኒሁ ሰው ናቸው ነጻ ጋዜጣና ምርጫ ባለበት አገር ብዙ ሕዝብ የሚፈጅ ረሃብ አይነሣም ብለው የተከራከሩት። ታዲያ በ1966 ከደሴ ገበያ ዋጋውን፣ ከመንገዱ ጭነቱን የሚጽፍ አንድ ሰው ቢኖር ምን ይታይ ነበር? በ1994 ከቡሬ ገበያ ዋጋውን የሚጽፍ አንድ ሰው ቢኖርስ? ሁለቱም ጊዜ ምስጢሩ ያለው ገበያ ውስጥ ነበር። ሁለቱም ጊዜ ጋዜጠኛው የነበረው መድረኩ ፊት ነው።

ደርግም ከዚያ አልተማረም። መስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛው የአብዮት በዓል በአበባና በመብራት ሲያሸበርቅ ሰሜኑ በረሃብ ያልቅ ነበር። ወሬውን ለዓለም ያወጡት ጥቅምት 13 ቀን ከኮረም የተላለፈው የማይክል በርክ ዘገባና የሞሐመድ አሚን ካሜራ ናቸው። የእኛ ሬዲዮ ምን ያወራ ነበር? ኮታ። ይህ የገበሬ ማኅበር ኮታውን አሟላ፤ ያኛው ከመቶ በመቶ በላይ አስገባ። ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚያስገባው ሲያንሰው ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክብ ነበር። ገዝቶ! ያመረተው ሰው! ይህን የጻፈ የለም። ኮታው የቀረው የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው፤ ያኔ ደርግ ራሱ ዓመት ከጥቂት ወር ነበር የቀረው።

የእነዚያ ዘመናት ጋዜጠኞች ግን ምክንያት አላቸው። ሳንሱር ነበር፤ እስር ቤት ነበር፤ ጥይት ነበር። አልፈርድባቸውም።

እኛስ?

ጥቅምት 1985 ዓ.ም. የፕሬስ ሕግ ወጣ። ሳንሱር ቀረ ተባለ። በየጥጋጥጉ ጋዜጣ ተወለደ። ከፒያሳ እስከ መርካቶ አዟሪው በክንዱ ተሸክሞ ይሮጥ ነበር። ያን የመሰለ ዕድል ይህች አገር በታሪኳ አላየችም። ጋዜጠኛ አልታሰረም አልልም፤ ታስሯል፤ ብዙ ታስሯል። ግን በበቆሎ ዋጋ የታሰረ አላውቅም። ያን በር ማንም አልዘጋብንም። ክፍት ነበር። አልገባንበትም።

ምን ስንጽፍ ነበር? ማን ከማን ጋር ተጣላ። ማን ከፓርቲ ወጣ። የዘፋኙ ካሴት መቼ ይወጣል። የአርሰናልን ተጫዋች ማን በስንት ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። አዎ፣ የእንግሊዝን የዝውውር ገበያ ዋጋ እናውቅ ነበር! የቡሬን የቅዳሜ ገበያ ዋጋ ግን አናውቅም። አንባቢው ይህን ይፈልጋል አልን። አንባቢው ከየት የመጣ ነው? የአንባቢው እናትና አባት እነማን ናቸው? ከ80 በመቶ በላዩ ገበሬ በሆነበት አገር የገበሬ ገጽ አንባቢ የለውም ያልነው ማንን ጠይቀን ነው?

የመንግሥት ብዙኃን መገናኛ ደግሞ ገጹም ሰዓቱም ነበራቸው። ማይኩ እስከ ገበሬው ጎጆ ይደርሳል። ምን አስተላለፈ? የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ውጤት። ሞዴል ገበሬ። ሚሊየነር ገበሬ። ገበሬ የሚለው ስም እንኳ አላምር አለንና «አርሶ አደር» አልነው። ስሙን አሳመርንለት፤ ዋጋውን አልጠየቅንለትም። ሰውየውን በቴሌቪዥን ያየነው በሬው ዳር ቆሞ ሲያመሰግን ብቻ ነው። ሲያማርር ያየው አለ? የሚያማርር ገበሬ ለካሜራ አይመረጥም። የሚመርጠውን የቀበሌ ሊቀ መንበር እኛ ራሳችን «ደህና የሚናገር ስጠን» እንለው ነበር። ይህንን ስጽፍ ጆሮዬ ይቃጠላል።

ፖሊሲ አውጪው ምን ያውቃል? ከታች የሚመጣለት ሪፖርት ነው። ታች ያለው ደግሞ ላይ ያለው የሚወደውን ይጽፋል። ይህ ከዚያ ከ302 ቀን ዘመን ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ያንን የሪፖርት መሰላል ዘሎ ከማሳው በቀጥታ የሚያወራ አንድ ነገር ቢኖር ጋዜጣ ነው። እኛ ምን አደረግን? የወረዳውን ሪፖርት ተቀብለን፣ ቀለም ቀብተን፣ ለሚኒስትሩ መልሰን አነበብንለት። ሚኒስትሩም በጋዜጣ ሲያየው «ለካ እውነት ነው» አለ። ያመነው የራሱን ድምፅ ነው!

ኋላ ነገሮች ተንቀሳቅሰዋል። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የሚባለው የእርዳታ ፕሮግራም መጣ። ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ምርት ገበያው ተከፈተ፤ ያ የበሰበሰ በቆሎ ነበር አንዱ ምክንያቱ። ደወሉ ሲደወል ሁላችንም ተሰልፈን ቀረጽን። ደስ ይል ነበር። ግን በበቆሎና በስንዴ የተጀመረው ገበያ ብዙም ሳይቆይ የቡናና የሰሊጥ ሆነ። በቆሎው የት ገባ? የቡሬው ሰው ወደ ድሮ ነጋዴው ሲመለስ ማን ተከተለው? ደወሉን የቀረጸ ሁሉ ወደ ሌላ ደወል ሄዶ ነበር።

አሁንም ያው ነው፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። በ2015 ዓ.ም. ዜናው ሁሉ መርከብ ነበር። ማዳበሪያ የጫነች መርከብ ጅቡቲ ደረሰች። ሌላዋ ቀጠለች። ይህን ያህል ቶን ተራገፈ። መርከብ ስንቆጥር ሰኔ ገባ። ከጅቡቲ እስከ ቀበሌው መጋዘን ስንት ቀን ይፈጃል ብሎ የጠየቀ አለ? መጋዘን ደርሶስ በስንት ይሸጣል? በማን እጅ ያልፋል? መልሱን የነገሩን ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ የአማራ ክልል ገበሬዎች የሚዘሩበት ሰዓት ሲያልፍባቸው አደባባይ ወጥተው ጮኹ። ገበሬ በዘር ሰዓት ማሳውን ትቶ ከተማ ከገባ ጋዜጠኛው ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ሥራውን ገበሬው በእግሩ ሠራለት።

ያን ሽማግሌ ዳግመኛ አላየኋቸውም። ቀበሌያቸውን እንጂ ስማቸውን አልመዘገብኩም፤ «አንድ አርሶ አደር» ብዬ ልጽፋቸው ነበር፤ እርሱንም አልጻፍኩም። በ1995 እህል ሲታደል ተሰልፈው ይሆን እያልኩ አስባለሁ። በቡሬ በኩል ያለው ሕዝብ እንደ ሌላው አልተጎዳም ይሉኛል ጓደኞቼ፤ ሊያጽናኑኝ ነው። ከእርሳቸው ማሳ የቀረው በቆሎ ግን የሌላ ሰው ጎተራ ሊሆን ይችል ነበር።

አሁን ማይክ የያዛችሁ ልጆች፣ የመስክ ጉብኝት ስትወጡ ከመኪናው ውረዱና ከሰልፉ ዘወር በሉ። ስንት ኩንታል አገኙ የሚለውን ኃላፊው ይነግራችኋል፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። እናንተ ኩንታሉ ስንት ብር እንደሚሸጥና ማዳበሪያው በስንት ብር እንደተገዛ ጠይቁ። የነገራችሁን ሰው ስም ከነአባቱ ጻፉ። ደብተር ውስጥ አታስቀሩት።